ሁለት ሙሉ ዙር

እኔ ሥራ ላይ ወሬ አልወድም። በያጄ ይህን ስለሚያውቅ ነው መሰለኝ ከጠዋት እስከ ማታ አፉ አይዘጋም። ያን ሰኞ ጠዋትም የአማቱን የጉልበት ሕመም ከሀ እስከ ፐ ሲተርክልኝ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ከበሩ ውጭ የናፍታ ሞተር ድምፅ ይሰማል። ቀና ብዬ ሳላይ አወቅሁት። የጋሼ መኪና ነበር።

ጋሼ ሙያውን ያስያዙኝ ሰው ናቸው። ጋራዡም የእሳቸው ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መፍቻ ሁሉ፣ መኪና ሥር የምንገባበት ጉድጓድ፣ እኔ ራሴ ጭምር የእሳቸው ነበርን ማለት ይቻላል። ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልባቸው ናት የገደለቻቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ በእንቅልፍ። ከለቅሶው በኋላ መኪናቸውን ግቢያቸው ውስጥ በእንጨት ጉማጅ ላይ ያስቀመጥኩት፣ አራቱንም ጎማ የፈታሁት እኔ ነኝ። አሁን ጎማውን ለብሶ፣ የአራት ዓመት አቧራውን ተሸክሞ፣ በራሱ ጉልበት መጣ።

እየነዳች ያስገባችው አንድያ ልጃቸው ናት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፤ ስንቱን ሕፃን በእጇ ተቀብላለች። እኔ ግን ዛሬም ሚጡ ነው የምላት። እሷ ወንድምጋሼ ትለኛለች። የቀረው ሰው ሁሉ ፍንጭት ይለኛል፣ ከፊት ጥርሶቼ መሀል ክብሪት እንጨት የሚያሳልፍ ክፍተት ስላለ። ጋሼ ጥርስ ያለው ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ሊገጥሙ ሲሉ "ጥርሱ የተጓደለው ፍንጭት ብቻ ይሁን" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሚጡ ወርዳ ሳመችኝና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ተመድባ የምትሄድበት ጤና ጣቢያ የሁለት ቀን መንገድ ነው። የመጨረሻው መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ ቤት የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ መንገድ የተባለውም ለስሙ ነው እንጂ የጎርፍ መውረጃ ነው። እዚያ የነበረችው አዋላጅ ለቃ ሄዳለች፤ በዚህ ወር ብቻ አምስት ሴቶች ቀናቸው ደርሷል። ሐሙስ ጠዋት መነሳት አለባት። ስለዚህ መኪናው ከመሬት ከፍ እንዲል፣ ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ውኃ እንዳይስብ የአየር ማስገቢያው በቱቦ እስከ ጣሪያው እንዲወጣ፣ ሁለተኛ የናፍታ መያዣ ሰልባትዮ ከሥር እንዲታሰር፣ ለሞተሩ አየር የሚነፋው ቱርቦም ለዳገቱ ትንሽ ጉልበት እንዲጨምር ትፈልጋለች። ሁሉንም በሦስት ቀን። በያጁ ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

"ደግሞ ይቺ አለች" አለችና ወደ ዳሽቦርዱ ጠቆመች። ቢጫዋ መብራት በርታለች።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የዚህ ሞተር ፊት ላይ፣ በክዳን ተሸፍኖ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ አለ። የታችኛውን፣ የላይኛውንና የናፍታ ፖምፓውን ፑሌጃ፣ ጥርሳሞቹን መዘውሮች፣ አስተሳስሮ ተስማምተው እንዲዞሩ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ እንዳይላላ ወጥሮ የሚይዘው ኩሽኔታ አለ። ኩሽኔታው ከተበላ ቺንጋው ይላላል፣ ከላላ ጥርስ ይዘላል ወይም ይበጠሳል፤ ያኔ ባልቦላና ፒስተን ይሳሳማሉ። የእነሱ መሳሳም የሞተሩ ሞት ነው። ለዚህ ነው መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በሞላ ቁጥር ያቺ መብራት የምትበራው። ቺንጋውን አይታ አይደለም፣ ቆጥራ ነው። ቺንጋው ሲቀየር ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እናዛውራለን፤ መብራቷ ትጠፋና ቆጣሪው ቀጣዩን መቶ ሺህ እስኪሞላ ትጠብቃለች።

ቆጣሪውን አየሁት። 300,011 ይላል። ከሚጡ ቤት እስከ ጋራዡ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ወደ ውስጥ ጎንበስ አልኩ። መሪው ላይ በሽቦ የታሰረች የካርቶን ቁራጭ ነበረች። መኪናውን ጉማጅ ላይ ያወጣሁ ዕለት በራሴ እጅ ጽፌ ያሰርኳት ናት፤ ባትሪ የተፈታበትን ቀንና የቆጣሪውን ንባብ መጻፍ ልማዴ ነው። ካርቶኗ 288,912 ትላለች።

"ማን ሲነዳው ነበር?" አልኳት።

"ማንም። ጎማውን ያስገጠምኩት ትናንት ነው። ቁልፉም እኔ ሣጥን ውስጥ ነበር። በሩ ላይ እኮ የግንብ ድንጋይ ተቆልሎ ነው የከረመው፣ ትናንት ነው ያስነሳሁት። ምነው?"

ምንም አልኳት። ካርቶኗን ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። አሥራ አንድ ሺህ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ያለ ጎማ፣ ያለ ባትሪ፣ ከድንጋይ ክምር ጀርባ። ቆጣሪው ተበላሽቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የተበላሸ ቆጣሪ ይቆማል እንጂ አይሄድም፣ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ለምን እንደፈራሁ ካልተናገርኩ ቀሪው ታሪክ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ልናገር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቆጣሪው ሁለት መቶ ሺህ ሲሞላ ያቺው መብራት በራች። የጋሼ እጅ ያኔ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። የራሳቸውን መኪና ቺንጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን "አንተ ሥራው" አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በጋራዡ አንድ ደንብ ነበራቸው። ቺንጋ የገጠመ ሰው "ጨረስኩ" ማለት ክልክል ነው። መጀመሪያ ሞተሩን በመፍቻ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል። ከሁለቱ ዙር በኋላ የሦስቱም ፑሌጃ ምልክት ወደ ቦታው ከተመለሰ "ዞሯል" ይላል። ጋሼ ደግሞ ቆም ብለው ያዩትና "ይነሳ" ይላሉ። ያኔ ብቻ ነው ቁልፍ የሚነካው። በእኛ ቤት "ዞሯል" ማለት የደበቅሁት ነገር የለም ማለት ነበር። "ይነሳ" ማለት ደግሞ አምኜሃለሁ ማለት ነው።

አዲሱ ኩሽኔታ አልገባ አለኝ። በመጭመቂያ ቀስ እያለ መግባት ሲገባው፣ ችኩል ነኝና በመዶሻ መታሁት። የውጭ ቀለበቱ ተሰነጠቀ። ጋሼ ጎረቤት ሻይ ቤት ነበሩ። ሄጄ "ሰበርኩት" ብላቸው ምን ነበረበት? ቢበዛ ስድብ ነው፣ ስድባቸውን ደግሞ ለምጄዋለሁ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመኑኝ ቀን ነበር፤ ነገሩ እንደ እግር እሳት አንገበገበኝ። የተሰበረውን የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ጣልኩት፣ ሲሰምጥም ቆሜ አየሁት። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሠራውን አሮጌ ኩሽኔታ ጠርጌ መልሼ ገጠምኩ። እንደ ልማዳችን የክዳኑ ውስጥ ላይ በነጭ ቀለም "200,016 ሁሉም አዲስ፣ ፍንጭት" ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ሲመለሱ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ዞሯል" አልኳቸው።

መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን አዩ። "ኩሽኔታውም?" አሉ። "አዎ ጋሼ፣ እሱም" አልኩ። "ይነሳ" አላሉም። ገብተው ራሳቸው አስነሱት። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ አምጥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው አዳመጡ። በጣም ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግተው ወደ ቤታቸው ነዱት። በሌላ ሰው መኪና ላይ ስሠራ "ይነሳ" ይሉኝ ነበር፤ ስለዚያ መኪና ግን እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አላሉም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አምስት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ገደል ገቡ የሚለኝ ሰው ይመስለኝ ነበር። አልጋቸው ላይ መሞታቸውን ስሰማ አለቀስኩ፣ ከልቅሶዬ ሥር ግን እፎይታ ነበረ። ያ እፎይታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ያ መኪና ነው አሁን የጋሼን ልጅ ይዞ ሰው ወደሌለበት አገር ሊሄድ የቆመው።

ሰኞ ከሰዓት ሥራ ተከፋፈልን። በያጁ ከሥር ገብቶ አሮጌዎቹን ሞላዎች አወረደና ረዘም ያሉትን መለካት ጀመረ። የአየር ቱቦው ጣሪያ ድረስ ሲወጣ ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ አየውና ሚጡ መኪና ሳይሆን ባሕር ሰርጓጅ ነው ያሠራችው አለ። ቱርቦውን እኔ ያዝኩ። ግፊቱን ጥቂት ብቻ ከፍ አደረግሁለት፤ ከልክ በላይ የሚነፋበት ሞተር ወይ ይግላል ወይ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል። ጉልበት ጨምርልኝ የሚለኝ ሰው ሁሉ ያናድደኛል፤ ጉልበት ከየትም አይመጣም፣ ከዕድሜው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት ሞተሩን አስነስቼ የጋሼን ካቻቢቴ አነሳሁ። የጠበቅሁት የተበላ ኩሽኔታ የሚያሰማውን ቀጭን ፉጨት ነበር። ፉጨት የለም። በምትኩ ሌላ ነገር ሰማሁ። ዝግ ያለ የወንድ ድምፅ፣ ለራሱ የሚቆጥር። "ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት..."

ጋሼ እንደዚያ ነበሩ። በፑሌጃዎቹ መሀል ያሉትን የቺንጋ ጥርሶች አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥሩ ነበር። ካቻቢቴውን ከጆሮዬ አነሳሁ። የሞተር ድምፅ ብቻ። መለስኩት። "ሃያ ስድስት" አለና ቆመ፣ እንደገና ከአንድ ጀመረ። በያጁን ጠርቼ አንተ ስማው አልኩት። አዳምጦ ጥሩ ሞተር ነው አለ። ሌላስ ብለው ሌላ ምን ብሎ ወደ ሞላው ተመለሰ። ሞተሩን አጠፋሁና ለዕለቱ በቃኝ አልኩ። ፀሐይዋ ገና ከጣሪያው በላይ ነበረች።

ማክሰኞ ጠዋት ቬንትሌተሩን አወረድኩ፣ ራዲያተሩን አወጣሁ፣ የታችኛውን ፑሌጃ ብሎን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ። የራሴ ነጭ ጽሕፈት ፊት ለፊት ጠበቀኝ። "ሁሉም አዲስ።" ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ክዳኑን አዙሬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ እንዳያየኝ።

ቺንጋውን አወለቅሁ። የመወጠሪያውን ብሎን ፈትቼ ኩሽኔታውን ሳወጣው እጄ ላይ ሞቀኝ። ሞተሩ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ አልተነሳም፤ የቀረው ብረት ሁሉ እንደ ውኃ ቀዝቅዟል። ኩሽኔታው ግን ለብ ብሏል፣ አሁን ከሰው መዳፍ የወጣ ይመስል። ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰድኩት።

የውጭ ቀለበቱ የተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁ ጫፍ ላይ የጥፍር ጨረቃ የምታህል ጉድጓድ አለች።

ያቺን ጉድጓድ አውቃታለሁ። የእኔ መዶሻ ጠርዙ የተሸረፈ ነው፣ የመታው ነገር ላይ ሁሉ ያንን ምልክት ይተዋል። መዶሻውን ከመስቀያው አውርጄ ሽራፊውን ጉድጓዷ ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፍ ጉሮሮው ውስጥ እንደሚገባ ገጠመ። በርሜሉ ሥር ሲሰምጥ ቆሜ ያየሁት፣ ከዘይቱ ጋር ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተጭኖ የሄደው ኩሽኔታ ነው። እኔ የገጠምኩት አሮጌው የለም። እንዲህ የተሰነጠቀ ኩሽኔታ ደግሞ አሥር ኪሎ ሜትር አይሄድም። ይህኛው ግን መቶ ሺህ ቆጥሯል። በጣቴ ገፋ አደረግሁት። ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ ማቆም ሲገባውም ትንሽ ቆይቶ ነው ያቆመው።

አሁን እውነቱን ልናገር። በዚያች ሰዓት እንኳ የታየኝ መደበቅ ነው። አዲስ ኩሽኔታ አለኝ፣ አዲስ ቺንጋ አለኝ፤ በሥርዓቱ እገጥማለሁ፣ ይሄኛውን እጥለዋለሁ፣ ሚጡም በሰላም ትሄዳለች፤ ማን ያውቃል? በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አዲሱን በመጭመቂያ፣ በትዕግሥት፣ ጋሼ ቢያዩኝ እንኳ እንከን የማይወጣለት አድርጌ አስገባሁ። ቺንጋውን ገጠምኩ። ምልክቶቹን ገጣጠምኩ። ጥርሶቹን ቆጠርኩ፣ ልክ ናቸው። መፍቻውን ይዤ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩ።

የላይኛው ፑሌጃ አንድ ጥርስ አልፎ ቆመ።

ይሄ ሊሆን አይችልም። ቺንጋው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል፣ ጥርስ የሚዘልበት መንገድ የለም። ፈትቼ እንደገና ገጠምኩ። ቆጠርኩ። አዞርኩ። አንድ ጥርስ። ለሦስተኛ ጊዜ በያጁን አቁሜ እሱም እንዲቆጥር አደረግሁ፤ እኔ ሳዞር እሱ ምልክቱን በባትሪ መብራት ይጠብቅ ነበር። ቁጥራችን አንድ ነው። ምልክቱ ግን አንድ ጥርስ አለፈ። በያጁ ሊቀልድ ፈልጎ "ቺንጋውም እንደ ባለቤቱ ፍንጭት ሆነ" አለ። አልሳቅሁለትም። ሲያየኝ እሱም ሳቁን ዋጠው።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ቺንጋ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ፣ ከዕቃ መደብር አስመጣሁ። ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ዘንጋቸው ላይ የሚያስሯቸውን ሽብልቆች መረመርኩ፣ መለስኩ። አዞርኩ። አንድ ጥርስ። የቀረው ሁሉ አልቋል፤ መኪናው ከፍ ብሎ፣ ቱቦውን ጣሪያው ላይ አድርጎ፣ የሰው ቁመት አክሎ ቆሟል። የመኪናው ልብ ብቻ አልስማማ አለኝ። ነገ ጠዋት ትሄዳለች። እንዲህ ባስነሳው እዚሁ ይሰበራል፤ እንደምንም ባስማማው ደግሞ እዚያ፣ ቤት የሌለበት ቦታ ላይ ይሰበራል፤ እሷም ትሞትብኛለች፣ የሚጠብቋት ሴቶችም ይሞታሉ። ጭንቅላቴን ይዤ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ።

እኩለ ቀን ላይ ሚጡ ዕቃዋን ይዛ መጣች። የሕፃናት ሚዛን፣ የማዋለጃ መሣሪያ ሣጥኖች፣ ሁለት ሻንጣ። በያጁ የሰልባትዮውን ማሰሪያ ሊያስቆርጥ ብረት ቆራጩ ጋ ሄዶ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ፊቴን አየችና ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"አልተነሳም እንዴ?" አለችኝ።

ከሌላ ሰው አፍ ይህ ተራ ጥያቄ ነው። እሷ ግን የተናገረችው አባቷ በሚናገሩበት አነጋገር ነው፣ የመጨረሻዋን ፊደል ትንሽ አንጠልጥላ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ጨርቁን ፈትቼ ኩሽኔታውን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። መዶሻውን፣ በርሜሉን፣ ነጩን ጽሕፈት፣ "እሱም" ያልኩትን ቃል፣ ካርቶኗን። ስለ እፎይታዬም ሳይቀር ነገርኳት። እያየኋት መናገር አቅቶኝ አብዛኛውን ለሞተሩ ነው የተናገርኩት።

ስጨርስ ኩሽኔታውን በጣቷ ታሽከረክረዋለች። ሲቆም እንደገና ትገፋዋለች።

"ስለዚህ ነበራ" አለች በመጨረሻ። "እኔና እማዬ የትም ስንሄድ በአውቶቡስ ነበር። ታስታውሳለህ? አባዬ ደግሞ ባዶ መኪና እየነዳ ከኋላችን ይከተለን ነበር። አገር ይስቅብን ነበር። እማዬ እስክትሞት ድረስ አልገባትም። ለምን አብረን አንሄድም ስትለው 'ይህ መኪና ገና አልተነሳም፣ አንድ ሰው የሚነግረኝ ነገር አለ' ይላት ነበር።"

"ታዲያ ለምን ራሳቸው አልቀየሩትም?"

"አንተን እየጠበቀ ነዋ። አንተ ብትሆንስ፣ ልጅህ የዋሸህን ነገር ሄደህ ከጀርባው ታርመዋለህ?"

ልጅህ ያለችው ቃል አንጀቴን በጠሰው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አልዳሰሰችኝም፣ አላባበለችኝምም። ዓይኗ ቁጣ ነበረበት፤ ቁጣዋም ተገቢ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አባቷን ከአውቶቡስ የኋላ መስኮት ያየችው በእኔ ምክንያት ነው። ኩሽኔታውን ሣጥኗ ላይ አስቀምጣ ባትሪ መብራቱን አነሳችና "ፍታው። እንደገና ግጠም። እኔ እቆጥራለሁ" አለችኝ።

ፈታሁት። ገጠምኩት። እሷ ከላይኛው ፑሌጃ ጀምራ ጥርሶቹን በጣቷ እየነካች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ያን አቆጣጠር ያስተማራት ሰው እንዳለ አላውቅም። ምልክቶቹ ገጠሙ። መፍቻውን ያዝኩና ማዞር ጀመርኩ። አንድ ሙሉ ዙር። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ትናንትና ዛሬ ሁሌ የሚያልፍበት ቦታ ሲደርስ፣ መፍቻው በራሱ ከበድ አለ። ከኋላዬ ሌላ እጅ የያዘው ያህል ዝግ ብሎ፣ ዝግ ብሎ ሄደና ቆመ።

ሚጡ መብራቱን አቀረበች። የታችኛው ምልክት በቦታው። ፖምፓው በቦታው። የላይኛው በቦታው፣ አንዲት ፀጉር ሳያልፍ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያቺን ቃል እንደሚገባት ተናገርኳት። "ዞሯል" አልኩ።

"ይነሳ" ተባለልኝ።

ዝቅ ያለ፣ ጎርነን ያለ፣ ሳይቸኩል የተነገረ ቃል ነበር። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ሳልለይ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። እጄን ሳልጠርግ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ራዲያተሩ ገና ቦታው ስላልተመለሰ ጥቂት ካዳመጥኩት በኋላ አጠፋሁት። በሠራበት ጊዜ ሁሉ ፉጨት የለም፣ ቆጠራም የለም። ዳሽቦርዱን አየሁ። ቢጫዋ መብራት ጠፍታለች። ከጀርባው ያለችውን ብሎን ገና አልነካኋትም።

ስወጣ ሚጡ መብራቱን እንደያዘች ኮፈኑ ሥር ቆማለች። ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል።

"ወንድምጋሼ" አለችኝ። "ምን አጣደፈህ? እኔ እኮ ገና አልመለስኩልህም። ተናድጄ ነበር፣ ትንሽ ትጠብቅ ብዬ ነበር።"

እውነቷን ነው። የእሷ ድምፅ አልነበረም። ሁለታችንም ጋራዡን ዙሪያውን አየነው፤ ጉድጓዱን፣ መደርደሪያውን፣ ክፍቱን በር። የቀትር ፀሐይና አቧራ ብቻ ነበር። ከዚያ ባትሪ መብራቱን አጥፍታ እጄን ያዘችኝ፤ ከመጣች ጀምሮ ያደረገችው የመጀመሪያ ደግነት እሱ ነበር።

አመሻሹ ላይ በያጁ ሲመጣ ራዲያተሩን እየመለስኩ አገኘኝ። ምን ነበር ችግሩ ሲለኝ ቆጠራዬ ነበር አልኩት፣ አልዋሸሁትም። ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት የድሮውን ጽሕፈት በናፍታ አጥቤ፣ በነጭ ቀለም ዛሬ የቀየርኩትን ሁሉ፣ ያኔ ያልቀየርኩትንም ጭምር ጻፍኩበት። የተሰነጠቀውን ኩሽኔታ ሚጡ ወሰደችው።

ሐሙስ ጠዋት ስትነሳ ዕቃዋ ሞልቶ የኋላው በር የተዘጋው በትከሻ ተገፍቶ ነው። የሕፃናቱን ሚዛን ሳይቀር ሻንጣ ላይ ደርባ አሰረችው። ከጎኗ ያለውን የፊት ወንበር ግን ባዶ ተወችው፣ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።